አሥራ ሦስት ፊደላት

ገዢው መኪናዋን ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። እስከዚያ ድረስ ጎማዎቿን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አድርጓል፤ ሞተሯን አስነሥቶ ዓይኑን ጨፍኖ አዳምጧል፤ በሊብሬው ላይ ያለውን ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር አመሳክሯል። በእነዚህ ሁሉ ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከኋላዋ ሲቆም ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ አነበበና፣ «ይኼ ይነሣልኝ» አለ። «የሌላ ሰው ጥቅስ ተሸክሜ አልሠራም።»

ጥቅሱ «ትዕግሥት ፍሬዋ ጣፋጭ ነው» የሚል ነበር። እያንዳንዱ ፊደል ከቀይ ስቲከር ለብቻው ተቆርጦ፣ በላዳዋ የኋላ ክዳን ሰማያዊ ቀለም ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በመጠኑ ሽቅብ እያዘነበለ ተለጥፏል። አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሦስት ናቸው። ሰውዬው ቀብድ ከፍሎ፣ «ለቅዳሜ አጽድተሽ ጠብቂኝ፣ እህቴ» ብሎኝ ሄደ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ለአሥራ ሦስት ፊደላት ሦስት ቀን ይበዛል ብዬ አሰብኩ። እናንተም ይህን ስታነቡ እንደዚያው ሳታስቡ አልቀራችሁም።

ጊዜው ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው። አባቴ ያረፈው ክረምቱ ሳይወጣ፣ በሐምሌ 2011 ነበር። ለኩላሊት እጥበቱ ከዘመድ የተበደርነው፣ ከእቁብ ቀድመን የወሰድነው ገንዘብ ከእሱ ጋር አልተቀበረም። ከእጃችን የቀረ የሚሸጥ ነገር ቢኖር ላዳዋ ብቻ ነበረች።

ስለ ላዳዋ ጥቂት ልበል። በኢጣሊያው ፊያት 124 አምሳያ፣ በሶቪየት ኅብረት ቶሊያቲ በተባለች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ይሠሩ ከነበሩት መኪናዎች ወገን ናት። የአዲስ አበባ ሰው እነዚያን ታክሲዎች ያውቃቸዋል፤ ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ። አባቴ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከገዛት ጀምሮ ሃያ ምናምን ዓመት እሷ ላይ ተቀምጦ አሳደገን። ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ሲወለውላት በረንዳ ላይ ቆሜ አየው ነበር። በሰው ፊት የሚኮራባት አንድ ነገር ነበረው። «ይህች ልጅ ነክታ አታውቅም፤ ተነክታም አታውቅም» ይላል። ቡና ላይ ይላል፤ ለቅሶ ላይ ይላል፤ ሐኪም ቤት ተኝቶ እንኳ አጠገቡ ላለው በሽተኛ ሲነግረው ሰምቼዋለሁ። እኔም ለገዢው ያንኑ ቃል በቃል ነገርኩት። ለሻጭ ከዚህ የተሻለ ምን ምስክር አለው?

በነጋታው ሐሙስ ከሥራ አስፈቅጄ ቀረሁና ሥራዬን በ«ት» ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ዘዴዬ ምላጭ ነበር። ለመሆኑ ስቲከር በምላጭ ካልተነሣ በምን ይነሣል? ጠርዙን በጥፍሬ ለመያዝ ብሞክር እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰባበረብኝ፤ ያን ጊዜ ምላጩን አጋድሜ ከሥሩ አስገባሁት። ፊደሏ ፈቀቅ አላለችም፤ ምላጩ ግን ገፋ አለና አንድ ቀጭን፣ ነጣ ያለ መስመር ተከትሎት መጣ። መስመሩ የስቲከሩ መስሎኝ በምራቄ አሸሁት። የስቲከሩ አልነበረም። ሰማያዊውን ቀለም አልፎ ከሥሩ ያለውን ግራጫ ነክቷል። በኋላ እንደተረዳሁት የመኪና ቀለም፣ ከሥር ያለው ንጣፍ ሁሉ ተደምሮ፣ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ቢሆን ነው። እንግዲህ ከአንዲት ወረቀት አይበልጥም ማለት ነው። አባቴ ሃያ ዓመት የወለወለው ያችን ወረቀት ነበር፤ እኔ በአንድ ጠዋት ቀደድኳት።

እንደምንም ቧጭሬ «ት»ን ካነሣሁ በኋላ ምላጩን ወዲያ ጥዬ ወደ ሁለተኛው ዘዴ ዞርኩ፤ ቲነር። ጎረቤታችን በሩን ቀብቶ የተረፈው በጠርሙስ ነበረውና ለመንኩት። ጨርቅ ነከርኩ፤ «ዕ» ላይ አሳረፍኩ፤ ጥቂት ጠብቄ አሸት አደረግሁ። ወዲያው ጨርቁ ቀላ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ። ደስታዬን ዋጥኩት። ጨርቁን ሳነሣው በ«ዕ» ዙሪያ ያለው ቀለም እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቧል፤ በጣቴ ስነካው ተከትሎኝ መጣ።

ያን ጊዜ እናቴ ከቤት ወጥታ አየችኝ። ጨርቁን አየች፤ መኪናዋን አየች፤ ከዚያም ጥቅሱን አየች። ከተነሡት ሁለቱ ፊደላት የተረፈውን፣ ስለ ትዕግሥት የሚሰብከውን ዓረፍተ ነገር ማለቴ ነው። «ምነው ልጄ፣ ምን አስቸኮለሽ?» ብላ ተመልሳ ገባች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ ካለው ጋራዥ አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ አሉ። ወጣት ሳሉ ከአባቴ ጋር ይተዋወቁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ጉዳቱን ስነግራቸው አልሳቁም፤ አልተቆጡም። በደረት ኪሳቸው መነጽራቸውን፣ በሱሪ ኪሳቸው ከተሰበረ የራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ቁራሽ ማግኔት ይዘው ተከተሉኝ።

በመጀመሪያ ማግኔቷን በበሩ ላይ አሳረፏት፤ ጥብቅ ብላ ያዘች። በጎኗ አሳረፏት፤ ያዘች። በኋላው ክዳን ቀኝ ጥግ፣ «ነው» በሚለው ቃል ሥር ሲያሳርፏት ግን ተንሸራትታ እጃቸው ላይ ወደቀች። ደገሙት። ወደቀች።

«ስቱኮ ነው» አሉ።

ማግኔት ብረት ይይዛል፤ ስቱኮ አይይዝም። ተጣሞ የተቃና ብረት በስቱኮ ተሞልቶ ከተቀባ ማግኔቷ ከብረቱ ትርቅና ጉልበቷ ይደክማል። ዓይን የሚሸነገልበትን ቀለም እሷ አትሸነገልበትም። ቀጥለውም ክዳኑን ከፈቱና በውስጥ በኩል ያለውን ሰማያዊ ቀለም ቲነር በነካ ጨርቅ ጠረጉት፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። በውጭ በኩል እኔ ካበላሸሁት አጠገብ በጥንቃቄ ነካ አደረጉት፤ ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ።

«የውስጡ የፋብሪካ ነው። የውጩ ግን የእኛ የጋራዥ ናይትሮ ነው፣ ልጄ። አባትሽ አልነገረሽም እንዴ?»

ልዩነቱን ሲያስረዱኝ እንዲህ ነው። የፋብሪካ ቀለም ከተረጨ በኋላ ከመቶ ዲግሪ በላይ በጋለ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ሲጋገር ይለወጣል፤ ዳቦ ወደ ሊጥነት እንደማይመለስ ሁሉ እሱም ወደ ፈሳሽነት አይመለስም። ናይትሮ ግን አይጋገርም። በቲነር ይቀጥናል፤ ይረጫል፤ ቲነሩ ይተንና ደረቀ ይባላል። ስለዚህ ከዐሥር ዓመትም ከሃያ ዓመትም በኋላ ቲነር ሲነካው መድረቁን ረስቶ ይቀልጣል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶንም ያው ጠላቱ ነው። እንግዲህ ማንኛውም ሰው በቀለም ላይ የተለጠፈ ነገር ሊያነሣ ሲነሣ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የስቲከሩን ዓይነት ሳይሆን የቀለሙን ዓይነት ኖሯል። የማይታይ ቦታ ፈልጎ በአንዲት ጠብታ መሞከር የደቂቃ ሥራ ነበር። እኔ ያንን ደቂቃ ቆጠብኳት።

ስቲከሩ ለምን እንደ ደረቀ ቅጠል እንደተሰባበረም ጠየቅኋቸው። ስቲከር ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲኩን ልስልስ የሚያደርገው በውስጡ የተቀላቀለ ማለስለሻ አለ። ፀሐይ ያንን ማለስለሻ ከዓመት ወደ ዓመት ትመጠዋለች። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች ደግሞ የፀሐይዋ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል፤ ብርድ ነው ብለን ብንደራረብም ቀለምና ፕላስቲክ የሚያውቁት ጨረሩን ነው። ማለስለሻው ሲያልቅ ስቲከሩ ይሰነጠቃል። ሙጫው ግን በስቲከሩ ጥላ ሥር ሆኖ ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ የላዩ የሞተ፣ የሥሩ ያልሞተ ነገር ነው የምናነሣው።

«እንጀራ ትጋግሪያለሽ?» አሉኝ ድንገት።

«እሞክራለሁ፣ ጋሼ።»

«እንጀራው ሳይበስል ብታነሺው ምን ይሆናል?»

«ይቀደዳል።»

«በጥፍርሽ ትቆፍሪዋለሽ?»

«አልቆፍርም፤ ጠርዙ እስኪነሣ እጠብቃለሁ።»

«እንግዲያው ምን አስተምርሻለሁ?» ብለው ሄዱ። በእርግጥ ጥቂት ርምጃ ሄደው ተመለሱና የሚገባውን ሁሉ ነገሩኝ። እንደዚያ ሆነው ቢቀሩ ኖሮ ከምሳሌያቸው ጋር ብቻዬን በቀረሁ ነበር።

ዓርብ ከሥራ መልስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ክዳኑን በሳሙናና በውኃ አጠብኩት፤ አቧራ ከቀረ ጨርቁ ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናልና። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያዬን በረጅም ገመድ አውጥቼ «ግ» ላይ ያዝኩት። ሳላስጠጋ፣ አንድ ስንዝር ያህል አርቄ፣ ወዲያና ወዲህ እያልኩ። ልኩ የእጄ ጀርባ ነው፤ እጄ ከቻለው ቀለሙም ይችለዋል። የፋብሪካ ቀለም ቢሆን ኖሮ ትንሽ ብደፍርም አይከፋም ነበር፤ ናይትሮ ግን ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳልና ሙቀቱን ቀነስ፣ ጥበቃውን ረዘም ማድረግ ነበረብኝ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያገለገለ የባንክ ካርድ ጠርዝ ሳስጠጋበት የ«ግ» ጫፍ ብድግ አለ። አቤት ደስታዬ! በዓለም ላይ እንደዚህ ያለ ደስታ የሚሰጥ ትንሽ ነገር አለ ብዬ አላስብም። የተነሣውን ጫፍ በሁለት ጣቴ ያዝኩና፣ እንደታዘዝኩት ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ በራሱ ላይ አጥፌ፣ ከክዳኑ ጋር ትይዩ አድርጌ ጎተትኩት። ወደ ላይ ከተጎተተ ሙጫው ቀለሙን አብሮ ይነቅላል፤ በራሱ ላይ ታጥፎ ከተጎተተ ግን ጉልበቱ በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ብቻ ያርፍና ሙጫው በየተራ ይለቃል። ፍጥነቱም ነገር አለው። ሙጫ እንደ ወፍራም ማር ነው፤ ቀስ ብለው ሲስቡት ይሳሳል፣ ይለቃል፤ በድንገት ሲጎትቱት እንደ ድንጋይ ይጸናል። ቁስል ላይ የተለጠፈ ፕላስተር «ቶሎ ንጠቀው» ይባላል፤ ያ ለሕመም ይሆናል እንጂ ለቀለም አይሆንም።

«ግ» ሙሉዋን ወጣች። «ሥ» ሁለት ቦታ ተሰበረች፤ ሦስቱንም ቁራጭ ለየብቻ አሙቄ አነሣሁ። ሁለተኛዋን «ት» ጨርሼ «ፍ» ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋቱን እንደ ዜና መጻፌ አይደለም። ዘዴዬ ሁሉ በኤሌክትሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ነው። ጨለማው ውስጥ ቆሜ ማድረቂያውን እንደያዝኩ እናቴ ፋኖስና ፎጣ፣ ከከሰል ምድጃዋ ላይ ያነሣችውን ጀበና የሚያህል ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። ፎጣውን በሙቅ ውኃ እየነከረች፣ እየጨመቀች፣ ፊደሉ ላይ እያሳረፈች ትይዝልኛለች፤ ሲበርድ ታነሣለች፤ እኔ እጎትታለሁ። ከማድረቂያው ይልቅ ይህ በለጠ። የፎጣ ሙቀት አይንደረደርም፤ ከሚፈላ ውኃም አይበልጥም፤ ሰው ይዞት የሚቆመው ሙቀት ስለሆነ ልኩን ያውቃል። «ፍሬዋ» የሚለውን ቃል አንድም ሳይሰበር አነሣነው። እናቴ የተነሡትን ፊደላት አትጥላቸውም፤ በፋኖሱ ብርሃን እያየች ማንቆርቆሪያው ክዳን ላይ ትደረድራቸዋለች።

«እማዬ፣ ይቺ መኪና ተገጭታ ታውቃለች እንዴ?» አልኳት።

ፎጣውን ነከረች። ጨመቀች። «ወንድምሽን ጠይቂው» አለች።

ወንድሜ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዲቪ ደርሶት የሄደ ጊዜ አባቴ በዚህችው ላዳ ነበር አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሰው። በዚያው ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩለት፤ እሱ ዘንድ ገና ቀን ነበር። የማግኔቷን ነገር ነገርኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«በ1996 ክረምት ነው» አለ። «አባዬ ለቅሶ አዳሪ ሆኖ ነበር። ቁልፉን ወሰድኩ።»

ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ጓደኞቹን ጭኖ ከሰፈር ወጥቶ ሲመለስ በዝናብ ውስጥ ወደ ኋላ ሲነዳ የድንጋይ አጥር ነረተ። ጠዋት አባቴ መጥቶ ሲያየው አልመታውም፤ አልጮኸበትም። «እናትህ እንዳትደነግጥ» ብሎ በማግሥቱ ጋራዥ አስገባት። ክዳኑ ተቀጥቅጦ ተቃና፤ ስቱኮ ተሞላ፤ ተቀባ። ነገር ግን አዲሱ ሰማያዊ ከአሮጌው ሰማያዊ ጋር አልተስማማም፤ ጠቆር ብሎ የተጣፈ ልብስ መሰለ። ያን ጊዜ አባቴ ሄዶ እነዚህን ፊደላት አስቆርጦ መጣና ለወንድሜ ሰጠው። ዓይን ወደ ጥቅሱ ሲሄድ ቀለሙን ይረሳል ብሎ ነው።

«የለጠፍኳቸው እኔ ነኝ» አለ ወንድሜ። «እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠማማ የሆነው ለዚያ ነው። አንሥቼ ላስተካክል ብለው፣ ‹ተወው፣ ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ይነሣል› አለኝ።»

ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማዬ አታውቅም። እንዳትነግሪያት» አለ።

ሦስት ሜትር ርቃ በፋኖስ ብርሃን ቀይ ፊደላት የምትደረድረውን እናቴን እያየሁ «እሺ» አልኩት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ተመልሼ «ጣ»ን ጀመርኩ። ብዙ ጊዜ አልተናገርንም። «ጣፋጭ» ሲያልቅ እናቴ ራሷ አነሣችው። «አባትሽ የነገረኝ በዚያው ሳምንት ነው» አለች። «ከእኔ የደበቀው ነገር ኖሮ ያውቃል? ግን ልጁ ራሱ ይንገርሽ፣ ጠብቂው አለኝ። ጠበቅሁት። ሲመረቅ ይነግረኛል አልኩ። ሲሄድ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይነግረኛል አልኩ። ለአባቱ ለቅሶ ሲመጣ ይነግረኛል አልኩ።» ፎጣውን አጠፈችው። «አሁንም እየጠበቅሁ ነው።»

ምን ልበላት? ለእሱ አልነግርም ብያለሁ፤ እሷ ደግሞ ታውቃለች። በሁለት ሰዎች ዝምታ መካከል ሙጫ ሆኜ ቀረሁ። ደግሞም የአባቴ «ተነክታ አታውቅም» የሚለው ቃል ያን ምሽት ሌላ ትርጉም ያዘብኝ። ያን ሁሉ ዘመን በየቡናው በየለቅሶው እየደጋገመ የሚዋሸው ለአንድ ልጁ ነበር። ውሸት ነው፤ ግን በዚያ ውሸት ላይ ለመቆጣት ጊዜው አልፎብኛል።

ሌሊቱን «ነው» የሚለው ቃል ተነሣና ክዳኑ ባዶ ሆነ። ባዶ ስል ከሙጫ በስተቀር ነው። ፊደላቱ በነበሩበት ሁሉ ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ሙጫ ቀርቶ አቧራ መሰብሰብ ጀምሯል። ጠዋት የምግብ ዘይት ቀብቼ ትንሽ አቆየሁት፤ ዘይት ሙጫውን ያሟሽሸዋል እንጂ ቀለሙን አይነካውም። እንቢ ባለው ላይ ነጭ ጋዝ በጨርቅ ነካ አደረግሁ፤ ቀለም ቀቢው እንዳሉኝ ነጭ ጋዝ ለናይትሮ ገር ነው፤ ከእሳት ማራቅ ብቻ ነው። በጣት ጫፍ እየተንከባለለ እንደ እድፍ ወጣ። በመጨረሻ በፈሳሽ ሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብኩት፤ ቅባት የቀረበት ቦታ ላይ አዲስ ቀለም አይዝምና።

ቀለም ቀቢው መጥተው «ት» እና «ዕ» የነበሩበትን ያበላሸሁትን ቦታ አለሳልሰው በትንሹ ረጩልኝ። ገንዘብ አልተቀበሉም። የቀረውን ክዳን በኮምፓውንድ እንዳሸው ነገሩኝ። ፊደላቱ ተነሥተዋል፤ ጥላቸው ግን አለ። ለዐሥራ አምስት ዓመት ፀሐይ ዙሪያውን ሲያደበዝዝ በፊደላቱ ሥር የነበረው ቀለም እንደተቀባ ቀን ደማቅ ሆኖ ቆይቷል። ኮምፓውንድ የሚሠራው ሥራ የደበዘዘውን የላይኛውን ሽፋን በጥቂት በጥቂቱ አሽቶ ማውለቅ ነው። ጨርቄ በየጊዜው ሰማያዊ ይሆናል፤ ይህኛው ሰማያዊ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም፤ የሞተው ቀለም ነው። አብዝቼ ካሸሁት ደግሞ ያቺኑ ወረቀት እበሳታለሁ። ጥላው ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው እጄን ሰበሰብኩ።

ገዢው በቀጠሮው መጣ። ክዳኑን አየና ራሱን ነቀነቀ። ሰበብ ሳልፈልግ፣ «ስሕተት ነግሬሃለሁ» አልኩት። «ይኼ ክዳን በ1996 ተገጭቶ የተሠራ ነው። እኔም ያወቅሁት ትናንት ነው።» ማግኔቷን ከቀለም ቀቢው ተውሼ ስለነበር እጁ ላይ ሰጠሁት። አሳረፋት፤ ወደቀች። ብዙ አሰበ። አምስት ሺህ ብር ቀነሰብኝ። እናቴ በመስኮት ታየን ነበር፤ ስገባ «ስንት ቀነሰ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ይሁን» አለች።

አምስት ሺሁን ብር ወንድሜ በማግሥቱ ላከ። ለምን እንደሆነ አልጻፈም። እሑድ ዕለት ደግሞ ደወለና «እማዬን አገናኚኝ» አለኝ፤ ስልኩን ሰጥቻት በሩን ዘግቼላት ወጣሁ። አንድ ሰዓት ያህል አወሩ። ስትወጣ ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ቡና አፈላች። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኋትም።

ከሁለት ወር ያህል በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ገዢው ነበር። የሞተር ችግር መስሎኝ ሆዴ ተንቦጨቦጨ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። «መኪናዋን ሳጥባት፣ ውኃው ሲነካት ከኋላዋ ጽሑፍ ይታያል።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ፖሊሹ ሲለቅ የፊደላቱ ጥላ መመለሱ እንደማይቀር፣ ደግሞ በኮምፓውንድ ቢያስነካው እንደሚሻል ማስረዳት ጀመርኩ።

«ኧረ ችግር የለውም፤ ሌላ ስቲከር እለጥፍበታለሁ» አለና አቋረጠኝ። «ልጄ ናት ያስቸገረችኝ። ዘንድሮ ማንበብ ጀምራ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ‹ግሥት ፍሬዋ ጣፋጭ ነው› ይላል ብላ፣ ግሥት የት አገር የሚበቅል ዛፍ ነው እያለች ልታሳብደኝ ነው። ምን ልበላት?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ስልኩን በእጄ ሸፍኜ እናቴን ጠራኋት።